ሰሌዳ ላይ ያለውን መገልበጥ ወይስ አስቦ መሣል? የደሴና የኮምቦልቻ መምህራንና ወላጆች ውይይት

መነሻ ልጥፍ

ክሩን፣ ማለትም ይህን በመድረክ ላይ በልጥፍና በመልስ የተካሄደ ውይይት፣ የከፈቱት ደሴ ውስጥ 3ኛ ክፍል የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። በታችኛው ክፍል ሥዕል አለ ይባላል እንጂ የለም ይላሉ። አካባቢ ሳይንስ የዕፅዋት ክፍሎች ላይ ሲደርስ መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ የባቄላ ተክል ይሥላል፤ 60 ልጅ 60 ባቄላ ይገለብጣል። የመምህሩ ቅጠል ወደ ግራ ካዘነበለ የስድሳውም ወደ ግራ ያዘነብላል። ደብተሩ ያምራል፣ ለጎብኚም ይታያል። ልጁ ግን ሥር ለምን ከአፈር በታች እንደሚሆን ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰበም፤ የሠራው እጁ ብቻ ነው።

የሚያቀርቡት ሐሳብ ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። ትምህርቱ ሳይጀመር ልጁ የሚያስበውን ይሣል፣ ከዚያ ይማር፣ ከተማረ በኋላ እንደገና ይሣል። ምሳሌያቸው ጦሳ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ ልጆቹ እንዲሥሉ መጠየቅ ነው። ጥያቄያቸው ሦስት ነው፦ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 60 ልጅ ይዞ ይህ እንዴት ይቻላል፣ ወረቀቱና ቀለሙ ከየት ይመጣል፣ እርማቱስ በምን ይመዘናል።

መልሶቹን በየተራ ቁጥራቸው አስቀምጫለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ ፍሬ ነገር ያለባቸውን ግን አልቆረጥኩም።

መልስ 1

የኮምቦልቻ የአፀደ ሕፃናት መምህርት ናቸው። በሐሳቡ ይስማማሉ፤ ነገር ግን ልጅን ሣል ከማለት በፊት እጁ የሚችለውን ማወቅ ይገባል ባይ ናቸው። ልጅ 3 ዓመት ገደማ ክብ መግጠም ይጀምራል። 4 ዓመት ገደማ ሁለት መስመር ያቋርጣል። ከ4 እስከ 5 ባለው ጊዜ አራት ማዕዘን፣ 5 ዓመት አካባቢ ሦስት ማዕዘን፣ ከ6 እስከ 7 ባለው ደግሞ በማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን ይወጣለታል። ሰያፍ መስመር ከቁምና ከአግድም ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ ሦስት ማዕዘን አልገጥም ያለውን የ4 ዓመት ልጅ ሰነፍ ማለት ስህተት ነው። እግሩና እጁ ከጭንቅላቱ የሚወጣ ሰውም በ3 እና በ4 ዓመት ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሆዱን የት ጣልከው ተብሎ የሚወቀስበት ምክንያት የለም።

ስለ መሣሪያም ጨምረዋል። አዲስ ረጅም እርሳስ ትንሽ እጅ ላይ ሲገባ ልጁ በጡጫው ይጨብጠዋል። 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የክራዮን ስባሪ ግን በሦስት ጣት ጫፍ ካልሆነ አይያዝም፤ ስለዚህ አያያዙ ያለ ቁጣ ይስተካከላል። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ በልጁ ዓይን ትክክል መለጠፍም ይረዳል፤ አንጓው ወደ ኋላ ስለሚታጠፍ ጣቶቹ በደንብ ይሠራሉ።

መልስ 2

የደሴ ወላጅ ናቸው፤ የውይይቱን ጨዋነት መጀመሪያ የሰበሩት እሳቸው ናቸው። 4ኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ አጥርቶ ማንበብ የማይችል ልጅ ባለበት አገር ስለ ሥዕል መወያየት ቅንጦት ነው ይላሉ። ልጅ ትምህርት ቤት የሚላከው ፊደል ሊቆጥር ነው፤ ሥዕል ቤቱም ይሥላል። መምህራኑ ማስተማር ሲያቅታቸው ጨዋታ ያበዛሉ ብለውም አክለዋል። የመጨረሻው አባባል ብዙዎችን አስቆጥቷል። የንባቡ ጭንቀት ግን እውነተኛ ነውና፣ ተከትሎ የመጣው መልስ እሱን ሳይንቅ መነሣቱ ደስ ይላል።

መልስ 3

1ኛ ክፍል አማርኛ የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው። የወላጁን ሥጋት ይቀበላሉ፤ ድምዳሜያቸውን ግን አይቀበሉም። ፊደል ራሱ ቅርጽ ነው፤ ልጅ የሚሳሳተውም በአብዛኛው ቅርጹ ላይ ነው። ቡ እና ቢ የሚደባልቅ ልጅ የድምፅ ችግር ሳይሆን የቦታ ችግር ሊኖርበት ይችላል። በበ፣ በለ እና በሰ ቤት ካዕቡ ቅጥያውን ከቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ያወጣል፤ ሳልሱ ከቀኝ እግሩ ግርጌ ላይ፤ ኃምሱ እዚያው ግርጌ ላይ ቀለበት ያደርጋል፤ ራብዑ ግራ እግሩን ያሳጥራል። ልጁ ወገብና ግርጌን በዓይኑ ካልለየ ሰባቱን በቃሉ ቢያዜምም ለብቻ ሲያያቸው ይጠፉበታል።

የሚያሠሩት ልምምድ ቀላል ነው። ልጆቹ ሁለት እግር ያለው ባዶ በ ስድስት ጊዜ ይሥላሉ። መምህርቷ ወገብ ሲሉ ከወገቡ፣ ግርጌ ሲሉ ከግርጌው መስመር ያወጣሉ። ድምፁ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ ከጋዜጣ የተቆረጡ ፊደላት ለአራት ለአራት ልጅ ተሰጥተው በመልክ ይመደባሉ፦ ሁለት እግር ያላቸው፣ ሦስት እግር ያላቸው፣ ክብ ያለባቸው፣ አናታቸው ላይ አግድም መስመር የተጨመረባቸው። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ከ እና ኸ በዚህ ጊዜ ጎን ለጎን ይመጣሉ። ልምምዱ ሁሉንም አይፈታም። ሳድስና ሳብዕ እንደ ሌሎቹ አንድ ዓይነት ሕግ ስለማይከተሉ በዚህ መንገድ ከተጀመሩ ልጁ ይምታታል፤ መጨረሻ ላይ ለብቻቸው መሰጠት አለባቸው። ሩ እና ፉም ከሕጉ ስለሚወጡ እንዲሁ ለብቻ ይቆያሉ።

መልስ 4

የኮምቦልቻ የሒሳብ መምህር ናቸው። ልጆች በቃላት የተጻፈ ሒሳብ ሲሰጣቸው ጥያቄውን ሳያነቡ ሁለቱን ቁጥር ይደምራሉ፤ ይህን የሚያቆመው የአግዳሚ ሣጥን ሥዕል ነው ይላሉ። ሲንጋፖር ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ የምታስተምርበት መንገድ መሆኑንም ያስታውሳሉ። ምሳሌያቸው ይህ ነው። እህትና ወንድም በድምሩ 36 ብርቱካን ለቀሙ፤ እህት ከወንድም በ8 ትበልጣለች። ልጁ መጀመሪያ የወንድምን ሣጥን ይሥላል። ከሥሩ፣ ከግራ ጠርዝ እኩል ጀምሮ፣ የእህትን ይሥላል፤ የተረፈውን ጫፍ ለይቶ 8 ብሎ ይጽፍበታል። በስተቀኝ ሁለቱንም የሚያቅፍ ቅንፍ ያደርግና 36 ይላል። አሁን ትርፉ ሲቆረጥ ሁለት እኩል ሣጥን እንደሚቀር ለዓይን ይታያል፦ 36 ሲቀነስ 8፣ 28፤ ለ2 ሲካፈል 14፤ እህት 22።

የሚበላሸው ሦስት ቦታ ነው። ልጁ ሣጥን ትቶ 36 ብርቱካን ከነቅጠሉ ሊሥል ይጀምራል፤ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ወይም ሁለቱን ሣጥን ከአንድ ጠርዝ ስለማያስጀምራቸው ትርፉ የትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል። ወይም የማይታወቀውን ቦታ ባዶ ይተወዋል፤ እዚያ ላይ የጥያቄ ምልክት ካልተቀመጠ ልጁ የሚፈልገውን ሳያውቅ ይሠራል።

ክፍልፋይን በክብ መጀመርም አይወዱም። አምባሻ ለሁለትና ለአራት ጥሩ ነው፤ ሦስት ቦታ ክፈል ሲባል ግን ልጁ ሁለት ትይዩ መስመር አውርዶ መካከለኛውን ትልቅ፣ ዳርና ዳሩን ትንሽ ያደርገዋል። ከዚህ ይልቅ ከደብተር 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጠባብ ወረቀት ይቆረጥ። ግማሹ 6፣ ሲሶው 4፣ ሩቡ 3፣ ስድስተኛው 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሁሉም በማስመሪያ ያለ ነጥብ ይወጣል። አራቱን ወረቀት ደረድሮ ያየ ልጅ ሁለት ስድስተኛ ከአንድ ሦስተኛ እኩል መሆኑን ሰው ሳይነግረው ያገኘዋል።

መልስ 5

አጭር ናት። መሣል አልችልም ብለው እጃቸውን የሚያጣጥፉ ልጆች ምን ይደረጉ ብለው አንዲት እናት ይጠይቃሉ። ልጃቸው 9 ዓመቷ ነው።

መልስ 6

በመምህራን ሥልጠና ላይ የሚሠሩ ሰው ለመልስ 5 የጻፉት ነው። 9 ዓመት ገደማ ላይ ልጅ ሥዕሉን ከእውነተኛው ነገር ጋር ማወዳደር ስለሚጀምር ብዙዎቹ እዚያ ላይ ያቆማሉ ይላሉ። መፍትሔው ማመስገን ሳይሆን ሥራውን ማቅለል ነው። ለማሰቢያ የሚሆን ሥዕል አምስት ነገር ይበቃዋል፦ ነጥብ፣ መስመር፣ ክብ፣ ሣጥን፣ ቀስት። በግ መሣል የማይችል ልጅ ክብ አድርጎ በግ ብሎ ይጻፍበት።

ከአምስቱ ግን ቀስት አስቸጋሪ ነው፤ እኔም ከክሩ ሁሉ ይህን ክፍል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። መምህር በአንድ ሰሌዳ ላይ ቀስትን ለሦስት ነገር ይጠቀምበታል፦ ይሄዳል ለማለት፣ ይለወጣል ለማለት፣ ስሙ ይህ ነው ለማለት። ልጁ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይነገረውም። በምግብ ሰንሰለት ላይ ውጤቱ ይታያል። ትክክለኛው ቀስት ከሣር ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ጅብ ይሄዳል፤ ምግቡና ጉልበቱ የሚያልፈው ወደዚያ ነውና። ልጁ ግን ጅቡ በጉን ይበላል ብሎ ስለሚያስብ ከጅብ ወደ በግ ያዞረዋል። ስለዚህ መምህሩ በዓመቱ መጀመሪያ ይወስን፤ ለእንቅስቃሴና ለለውጥ ጫፍ ያለው ቀስት፣ ለስም ግን ጫፍ የሌለው ቀጭን መስመር። ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ከዚያ አይውጣ።

መልስ 7

የሥዕል መምህር ናቸው፣ ተቆጥተዋል። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ሥዕልን የሳይንስና የሒሳብ ተላላኪ ማድረግ ነው ይላሉ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና ዕይታ ጥበባት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ሳለ፣ ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚወሰደው የእሱ ክፍለ ጊዜ ነው። ክብ አድርገህ በግ ብለህ ጻፍ የሚለውንም ማየትን የሚገድል ምክር ብለውታል።

ቁጣቸውን ተከትሎ የሰጡት አሠራር ግን ጠንካራ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሰጠዋል። 2 ደቂቃ እርሳስ ሳይነካ ያየዋል፤ ጠርዙን በጣቱ ይዞረዋል። ቀጥሎ 1 ደቂቃ ወረቀቱን ሳያይ፣ ቅጠሉን ብቻ እያየ ይሥለዋል፤ የሚወጣው የተንጋደደ ነው፣ አይታረምም። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ሥዕል ይጀመራል፦ መጀመሪያ የመካከለኛው ጅማት ከነጥምዝምዙ፣ ቀጥሎ በእርሳስ የተለካ ርዝመትና ወርድ፣ ከዚያ ጠርዝ፣ መጨረሻ ላይ የጎን ጅማቶች። ከጠርዝ የጀመረ ልጅ ሁልጊዜ የለመደውን የልብ ቅርጽ ቅጠል ይሥላል፤ ምክንያቱም ጠርዙን ከትዝታው ነው የሚያመጣው። ለጎበዞቹ ደግሞ ከነጭ ባሕር ዛፍ ለጋና ያረጀ ቅጠል አብሮ ይሰጣቸው። ለጋው ሰፊ፣ አመድማ ሰማያዊና ያለ አገዳ ከግንዱ የተጣበቀ ነው፤ ያረጀው ረጅምና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ከአንድ ዛፍ መሆናቸውን የማያምን ልጅ ጥሩ ተመልካች ሆኗል ማለት ነው።

መልስ 8

የመልስ 4 የሒሳብ መምህር ተመልሰው መጥተዋል፤ አላለሳለሱም። የሥዕል ክፍለ ጊዜ በየዓመቱ ባንዲራና ጀበና እያስገለበጠ ሲያልፍ የከረመውን ማን ገደለው ብለው ይጠይቃሉ። የቅጠሉ አሠራር ጥሩ መሆኑን ያምናሉ፤ ለ60 ልጅ ግን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ቅጠል በላይ አያስኬድም ይላሉ። እዚህ ላይ የመድረኩ አወያይ ገብተው ሁለቱም በሙያ ላይ እንጂ በሰው ላይ እንዳይነጋገሩ አሳስበዋል።

መልስ 9

የቁሳቁስ መልስ ነው። ጻፊው ደሴ ውስጥ የመርጃ መሣሪያ የሚያዘጋጁ ሰው ናቸው። ከለርና ፓስቴል መጠበቅ አያስፈልግም ይላሉ።

ከሰል ለትልቅ ወረቀት ይሆናል፤ የሚያስቸግረው መቦነኑና ደብተር ላይ መተላለፉ ነው። ስለዚህ ለደብተር አይመረጥም፤ ለካርቶን እንጂ። የአፈር ቀለም ለመሥራት መንገድ ከተቆረጠበት ዳር ቀይና ቢጫ አፈር ይወሰዳል፣ ይደርቃል፣ ይደቆሳል፣ በነጠላ ቁራጭ ይነፋል። አንድ የእንቁላል አስኳል በእኩል መጠን ውሃ ይበጠበጣል። አፈሩ በጥቂት ውሃ ታሽቶ እንደ ቀጭን ሊጥ ከሆነ በኋላ ከአስኳሉ ጋር እኩል ለእኩል ይቀላቀላል። አስኳሉ ካነሰ ቀለሙ ደርቆ በጣት ይነሣል፤ ከበዛ ያብለጨልጫል፣ ቶሎም ይሰነጣጠቃል። ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ ይሠራ፤ አድሮ ይሸታል።

የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ለሚሠሩ ደግሞ የሚከተለውን ይላሉ። ፕላስቲኩ ውሃነት ያለው ቀለም አይጠጣም፤ ማርከር ወይም የዘይት ቀለም ብቻ ይይዛል። የተሣለበትን አጣጥፎ ማስቀመጥ በእጥፋቱ ላይ ቀለሙን ያረግፈዋል፤ በእንጨት ላይ መጠቅለል አለበት። ለልጆቹ ለራሳቸው ግን ከጽሕፈት ቤት የሚጣል አንድ ገጽ የታተመበት ወረቀት ከሁሉ ይሻላል፤ ጀርባው ንጹሕ ነው። ግለሰቦችን የሚመለከት ነገር የታተመበት እንዳይሆን ብቻ አስቀድሞ ይታይ።

መልስ 10

የክሩ ባለቤት ለሁሉም ምስጋና ያቀርባሉ። የ40 ደቂቃው ጥያቄ አሁንም አልተመለሰም ይላሉ።

መልስ 11

የመልስ 6 ጻፊ ናቸው። ደብተሩ መሐል ለመሐል ይታጠፋል፤ ግራው ለመጀመሪያው ሥዕል፣ ቀኙ ለሁለተኛው። ላጲስ ይሰበሰባል፤ ልጁ የመጀመሪያ ሐሳቡን ካጠፋ የሚታይ ለውጥ አይኖርም። 4 ደቂቃ ይሥላሉ፤ 2 ደቂቃ ለጎረቤታቸው ይናገራሉ፤ 20 ደቂቃ ትምህርቱ ይሰጣል፤ 6 ደቂቃ በቀኝ በኩል እንደገና ይሥላሉ፤ 5 ደቂቃ የክፍሎቹን ስም ይጽፉበታል፤ በቀሩት 3 ደቂቃዎች መምህሩ የሚለያዩ ሁለት ሥዕሎች አንሥቶ ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ ክፍሉን ይጠይቃል። የመጀመሪያው 4 ደቂቃ እንዳይረዝም ይጠበቅ፤ ከ4 ካለፈ ልጆቹ ወደ ማስዋብ ይገባሉ፣ ፀሐይና አበባ ይጨምራሉ።

እርማቱ ከ3 ነው። ክፍሎቹ አሉ ወይ፣ 1። ግንኙነታቸው ማለትም ቦታቸውና ቀስታቸው ልክ ነው ወይ፣ 1። ስማቸው በትክክል ተጽፏል ወይ፣ 1። ለውበት ነጥብ የለም። በቀን 10 ደብተር ብቻ ይታያል፤ ስድስት ቀን ላይ ክፍሉ ይዳረሳል። ሌሎቹን ጎረቤታሞቹ በሦስቱ ጥያቄ ይተያያሉ።

መልስ 12

ከኮምቦልቻ የተጻፈ ነው። የጦሳን ዝናብ ጥያቄ 2ኛ ክፍል ላይ የሞከሩ መምህርት ስለ ሁለት ሥዕሎች ይነግሩናል። አንዱ ልጅ ውሃውን መንገድ ዳር ካለ ቱቦ አስገብቶ እዚያው አስቀርቶታል። ሌላዋ ከቦርከና ወንዝ ጋር አገናኝታ፣ ኮምቦልቻን አሳልፋ፣ ባሕር ውስጥ ጨምራዋለች። መምህርቷ የልጅቷን ሥዕል ትክክል ብለው ሙሉ ነጥብ ሰጥተዋታል።

መልስ 13

እርማት ነው፣ በትሕትና የቀረበ። ቦርከና የአዋሽ ተፋሰስ ወንዝ ነው፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ልጅቷ ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል ብላ መገመቷ የሚያስወቅሳት አይደለም፤ ነገር ግን ሥዕሏ መምህሩ ማስተማር የሚገባውን ቦታ ጠቁሟል፤ ነጥብ ተሰጥቶት መታለፍ አልነበረበትም።

መልስ 14 እና 15

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ቦርከና ቆሻሻና በክረምት ደሴ ላይ ስለሚደፈኑ ቱቦዎች ተንሸራቷል። ሁለቱም ሰዎች እውነት አላቸው፤ ቦታው ግን ይህ ስላልነበረ አወያዩ ወደ ጉዳዩ መልሰውታል።

መልስ 16

ለደሴ ልጆች በተለይ የተጻፈ ያህል ነው። ጻፊው ከ5 እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆች ተራራ ዳገት ላይ ቤትና ዛፍ ሲሥሉ ወደ ጎን እንደሚያጋድሏቸው ያስታውሳሉ። ልጁ ቤቱን የሚያቆመው ከመሬቱ መስመር ጋር እያስተያየ ነው፤ መሬቱ ሲያጋድል ቤቱም አብሮ ያጋድላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዣን ፒያዤና ባርቤል ኢንሄልደር ይህንን፣ ከዘመመ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ውሃ ሥዕል ጋር፣ በሰፊው አጥንተውታል። በዳገት ላይ በተሠራች ከተማ የሚኖር፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ቤቶችን በየቀኑ የሚያይ ልጅም ይህንኑ ያደርጋል፤ ማየት ብቻውን አይበቃውምና።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ግማሹ ድረስ ውሃ የተሞላ የሃይላንድ ፕላስቲክ ይቀርባል፤ ከማዘንበሉ በፊት ልጆቹ፣ ሲያዘነብል ውሃው ምን እንደሚመስል ይሥላሉ። ብዙዎቹ የውሃውን ፊት ከፕላስቲኩ ጋር አብረው ያዘነብሉታል። ከዚያ ፕላስቲኩ ዘንበል ይላል፣ በጀርባው ማስመሪያ በአግድም ይያዛል፣ ያያሉ፣ በቀኙ ገጽ ይሥላሉ። ቀጥሎ በክር ጫፍ ላይ ጠጠር ታስሮ ግንበኛ የሚይዘው ዓይነት ቱምቢ ይሠራል። ልጆቹ ወደ ግቢ ወጥተው ዳገት ላይ ያለ የአጥር እንጨት ወይም የቤት ግድግዳ ይለኩበታል። ክሩ ከግድግዳው ጋር ሲሄድ፣ ከመሬቱ ጋር ግን ቀጥ ያለ ማዕዘን እንደማይሠራ ሲያዩ ይገባቸዋል። የሚበላሸው መምህሩ ሥዕሉ ላይ ቤቱን በቀይ ሲያቀናው ነው፤ ልጁ በሚቀጥለው ቀን ቀጥ ያለ ቤት ይሥላል፣ ዛፉን ግን እንደገና ያጋድላል።

መልስ 17

የካርታ ትምህርትን ያነሣሉ። ልጁ መንገዱን ከላይ፣ ቤቱን ከፊት፣ ጠረጴዛውን አራት እግሩ በአራት አቅጣጫ ተዘርግቶ ይሥላል፤ የሚሥለው ያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። ፈረንሳዊው የልጆች ሥዕል አጥኚ ሉኬ በ1927 እ.ኤ.አ. የጻፈበት ጉዳይ ነው። ካርታን ከኢትዮጵያ ካርታ መጀመር ስለዚህ አይሠራም። ዴስክ ላይ እርሳስ፣ ላጲስና ደብተር ይቀመጥ፤ ልጁ ቆሞ በቀጥታ ከላይ ወደ ታች አይቶ ይሣለው። ከዚያ ክፍሉ፣ ከዚያ ግቢው፣ ከዚያ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ።

መልስ 18

ልጃቸው በዓይኑ የሚማር ዓይነት ስለሆነ በሥዕል ብቻ እንዲማር የሚፈልጉ አባት ናቸው።

መልስ 19

ለአባትየው የተሰጠ ጠንከር ያለ መልስ ነው። ልጆችን በዓይን የሚማሩ፣ በጆሮ የሚማሩ ብሎ ከፍሎ በዚያ ብቻ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ግምገማ እዚያው ላይ ደርሷል። ሥዕል የሚጠቅመው ለአንድ ዓይነት ልጅ ሳይሆን ለሁሉም ነው። በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሰዎች የሣሉትን ቃል ደጋግመው ከጻፉት ይበልጥ እንደሚያስታውሱት አሳይቷል፤ የሥዕሉ ጥራት ዋናው ነገር አልነበረም። ጻፊው ወዲያው ያስጠነቅቃሉ፤ የተጠኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንጂ የ2ኛ ክፍል ልጆች አልነበሩም፤ ስለዚህ ውጤቱን እንዳለ ወደ ሕፃን ማዞር አይገባም።

መልስ 20

የሙስሊም ቤተሰብ እናት ናቸው፤ በአክብሮት ይጠይቃሉ። ሰውና እንስሳ እንዲሥል ልጃቸው ቢታዘዝ ቤተሰቡ ይከፋል። የመልስ 1 መምህርት መልሰውላቸዋል። በወሎ ክፍል ውስጥ ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ መምህር በዓመቱ መጀመሪያ ወላጆችን ይጠይቅ፣ ልጁንም በሌሎች ፊት እንዲያስረዳ አያስገድደው። ተክል፣ ካርታ፣ የውሃ መንገድ፣ የሒሳብ ሣጥን ሁሉ ክፍት ነው። ለተመጣጣኝነት ደግሞ ሰፌድ ይምጣ። በስንደዶና በአክርማ የተሰፋው ጌጥ ከመሐል ወደ ዳር ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ልጆቹ ይቁጠሩ፣ አንዱን ክፍል ይሣሉ፣ የቀረውን በመድገም ይሙሉት። የሥዕል መምህሩም በዚህ ተስማምተው ጽፈዋል፤ ክሩ ውስጥ ያለ ጥል የተስማሙበት የመጀመሪያው ቦታ ነው።

መልስ 21

ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ልጃቸው ጠመንጃ ብቻ፣ በጥቁር ብቻ እንደሚሥል የሚጨነቁ ወላጅ ናቸው። የመልስ 6 ጻፊ በጥንቃቄ ይመልሳሉ። ከቀለም ብቻ ተነሥቶ ስለ ልጅ ውስጥ መፍረድ አይቻልም፤ ጥቁሩ እርሳስ ብቻ ሹል ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ጠመንጃውም ከጓደኛ የተማረው ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ሌላው ነው፦ እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ከጓደኛ መሸሹ፣ ድምፅ ሲሰማ መደንገጡ፣ ይህም ለሳምንታት መቀጠሉ። እነዚህ ካሉ ወደ ጤና ባለሙያ ይወሰድ። ቤት ውስጥ ግን ሥዕሉ አይቀደድ፣ ሌላ ሣል ተብሎም አይከልከል። ምንድን ነው ከማለት ስለሥዕሉ ንገረኝ ማለት ይሻላል፤ ልጁ መናገር ካልፈለገም ዝም ይባል።

መልስ 22

የመልስ 2 ወላጅ ተመልሰዋል። ይቅርታ አልጠየቁም፤ ነገር ግን የፊደሉን ልምምድ እንዳነበቡ ገልጸው፣ መምህር ያልሆነ ሰው ማታ ቤት ምን ማድረግ እንደሚችል ይጠይቃሉ።

መልስ 23

የክሩ ባለቤት መልስ ሰጥተዋል። ልጁ የዕለቱን አንድ ገጽ አንብቦ ደብተሩን ይዝጋ። በ3 ደቂቃ ከትዝታው የቻለውን ይሣል፣ የሣለውን ነገር ስምም ይጻፍበት። ከዚያ ደብተሩን ከፍቶ የረሳውን በሌላ ቀለም ስክሪብቶ ይጨምር። በሁለተኛው ቀለም የተጨመረው ብቻ በማግሥቱ ይከለስ። ስክሪብቶው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይሁን፤ ቀይ ከሆነ ልጁ የታረመ ስለሚመስለው መጀመሪያውኑ የሚያውቀውን ብቻ መሣል ይጀምራል።